ክዳን የሌለው ጠርሙስ

እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የተወጠነው ሎዥባን ሰዋስዉ ለሁለት ትርጉም በር እንዳይከፍት ተደርጎ የተሠራ ቋንቋ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም፣ እዚህ ሥራው ለኮምፒውተር ተሰጥቷል፤ ባለ አምስት ፊደል ሥረ ቃላቱ በአብዛኛው ከቻይንኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሂንዲ፣ ከስፓኒሽ፣ ከሩሲያኛና ከዓረብኛ በስሌት ተቀምመዋል።

«ቦትፒ» ጠርሙስ ነው። ፍቺው ግን አራት ባለጉዳይ ያስቀርባል፦ ጠርሙሱን፣ በውስጡ ያለውን፣ የተሠራበትንና ክዳኑን። ታዲያ ቡሹ የጠፋበት ጠርሙስ ምን ሊባል ነው? ለተጠማ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ ለሎዥባን ሰዎች ግን የክርክር ርእስ ነው።

ለማቀዝቀዣ ስም ሲፈለግ ደግሞ «ለንኩ» (ቀዝቃዛ) እና «ሚንጂ» (ማሽን) ተቆርጠው «ለክሚሂ» ተብለው ይሰፋሉ። የበረደው ማሽኑ ይሁን ምግቡ ከስፌቱ አይታወቅም፤ መዝገበ ቃላት እስኪገለጥ ወተቱ ውጭ ይቆያል።