ለዋጋው ምንም አይልም

ሙዚቃ ገምጋሚዎች ርካሽ ሲዲ ሲደርሳቸው የማያልቅባቸው አንድ ፍርድ አለ፤ «ለዋጋው ምንም አይልም» ይላሉ። ለጫማ ይሁን፤ ሶሉ ቢገነጠል ሌላ ይገዛል። ለሙዚቃ ደራሲው ጉስታቭ ማህለር ሁለተኛ ሲምፎኒ ሲባል ግን አልዋጥ ይለኛል። «ትንሣኤ» የሚባለው ይህ ሥራ፣ ሙሉው በርሊን ውስጥ በ1895 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው፣ ሰማንያ ደቂቃ ገደማ ከሞት ጋር ሲሟገት ይቆይና መጨረሻው ላይ መዘምራን ገብተው ሙታንን ያስነሣሉ። ታዲያ ምን ሊባል ነው? ሙታኑ ለከፈልነው ገንዘብ ደህና ተነሥተዋል?

መመዘኛው ቦታ እኮ የታወቀ ነው። በመጨረሻው ክፍል የመለከቱ ጩኸት ከራቀ በኋላ መዘምራኑ ያለ አጃቢ፣ ለመስማት እስኪያስቸግር ዝቅ ባለ ድምፅ ይጀምራሉ። መቶ ሰው ቃናውን ሳይስት ከሚያንሾካሹክ መቶ ሰው ቢጮህ ይቀላል። ልምምድ ይፈጃል፤ የልምምድ ሰዓት ደግሞ ይከፈልበታል። በጀት ያጠረው ቀረጻ እዚህ ላይ አቋራጭ ይፈልግና የድምፅ ባለሙያው መዘምራኑን ከፍ ያደርጋቸዋል። ከሩቅ ሊሰሙ የሚገባቸው ሰዎች ጆሯችን ሥር ይቆማሉ፤ ኦርጋኑና ደወሉ ሲገቡም ድምፁ የሚያድግበት ቦታ አልቋል። ይህ ጉድለት በርካሹም በውዱም ሲዲ ላይ ያው ጉድለት ነው።

«ተማሪውስ? ደሀውስ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ናክሶስ የተባለው የሲዲ አሳታሚ በ1987 ሆንግ ኮንግ ላይ ተቋቁሞ ሲዲውን በርካሽ ባያወጣ ኖሮ ስንቱ ሰው ይህን ሙዚቃ በስም ብቻ ያውቀው ነበር። ብዙ ያስቀረጸውም በምሥራቅ አውሮፓ ኦርኬስትራዎች ነው፤ ደመወዛቸው እንጂ ጣታቸው ርካሽ አልነበረም። ደግሞስ ዋጋ ከተነሣ ለምን በአንድ ወገን ብቻ ይነሣል? በዚያው በ1987 ጊልበርት ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ የመጽሔት ባለሀብት ይህንኑ ሲምፎኒ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር አስቀረጸ። ሰውዬው መምራት የተማረው ካደገ በኋላ ነው፤ ያውም ይህን አንድ ሥራ ለመምራት ብሎ። ማህለር በእጁ የጻፈውን ኖታ ሳይቀር ገዝቶት ነበር፤ በ2016 ከሞተ በኋላ በለንደን ጨረታ ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣለት። ቀረጻው እንደ ጉድ ተሸጠ። በ2008 የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ተጫዋቾች በአመራሩ ቢያጉረመርሙም «ለሀብቱ ምንም አይልም» ብሎ የጻፈ ገምጋሚ አላየሁም።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ርካሹን የገዛ ሰው ጆሮውም ርካሽ ነው ተብሎ ተፈርዶበታል። ገምጋሚዎቹ የተበላሸውን ተበላሸ ብለው ቢነግሩት ያዝናል፣ ወይ ሌላ ይፈልጋል፤ እነሱ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርገው ይሸኙታል። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ንቀት ነው! ሲዲውን መስማታቸውም ያጠራጥራል።

ደግሞ ሳይሰሙት ቀርተው ላይሆን ይችላል። ለሰማንያ ደቂቃ ሙዚቃ ሁለት መስመር ቦታ የተሰጠው ጸሐፊ ምን ያድርግ? ሙዚቃው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ማህለር ራሱ ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ቢያንስ 5 ደቂቃ እረፍት ይሁን ብሎ ጽፏል፤ ብዙዎቹ መሪዎች ግን ይህን ያህል አይጠብቁም። ሥራው በሁለት ሲዲ ሲወጣና የመጀመሪያው ክፍል ለብቻው ሲሆን፣ ሲዲ ለመቀየር መነሣት ግድ ስለሆነ ትእዛዙ በከፊል ይከበር ነበር። አሁን በስልክ ስንሰማው ያለ ፋታ ይቀጥላል። አቁሞ መጠበቅ ለሚፈልግም 5 ደቂቃ አስቸጋሪ ልክ ነው፤ ቡና አይፈላበትም። ሻይ ምናልባት።