አስጨፋሪው የልብ ሐኪም

«ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ» ተብሎ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ሰፈር ሲደርስ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ «ይሄም ሐኪም ሆኖ ነው? መርፌ እንኳ ሳይወጋኝ!» ሌላ ሐኪም ፊቱን ተቀባብቶ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ግን ቤቱ እስክሪብቶ ፍለጋ ይተራመሳል።

አሜሪካኖቹም ከዚህ አላመለጡም። ዶክተር ሜህመት ኦዝ ሃርቫርድ የተማሩ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ ደረት ከፍተው ልብ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የኦፕራ ዊንፍሬ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ እየቀረቡ ተወደዱና እ.ኤ.አ. በ2009 የራሳቸውን ፕሮግራም ጀመሩ። ታዲያ እንዲህ ያለ እጅ ያለውን ሰው ያገኘ ተመልካች ምን ፈለገ? ቦርጭ ሳይሮጡ የሚጠፋበትን ዘዴ።

እሳቸውም አላሳፈሩትም። በ2012 መላው ተገኘ፤ ያልተቆላ ቡና! ከጥሬ ቡና የተዘጋጀ እንክብል፣ «አስማት» የምትል ቃል ጣል ተደርጎበት፣ ለወፍራሞች ሁሉ ተበሰረ። ለካ እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን ቡና ስንቆላ ቅጥነታችንን ነው በጭስ የሰደድነው! ማስረጃ የተባለው ጥናት ሕንድ ውስጥ በ16 ሰዎች ላይ የተሠራ ነበር፤ ደህና የሰፈር ቡና ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሰው አይጠፋም። መረጃው ሊረጋገጥ ስላልቻለ በ2014 ጥናቱ ተሻረ። እስከዚያ ድረስ የከሳው ግን የገዢው ኪስ ነው።

በዚያው ዓመት ሴናተር ክሌር ማካስኪል ሴኔት ውስጥ አስቀርበው ሲያፋጥጧቸው፣ በፕሮግራሙ ላይ እኔ የተመልካቹ አስጨፋሪ ነኝ ዓይነት መልስ ሰጡ። የልብ ሐኪም፣ ከበሮ መቺ! ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ የፕሮግራማቸውን ምክር የፈተሸ ጥናት፣ ደጋፊ ማስረጃ የተገኘው ለ46 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳየ። ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ወይ ሰው ማለት ሳይሻል አይቀርም።

በ2022 ከፔንሲልቬንያ ለሴኔት ተወዳድረው ተሸነፉ። ለቦርጩ ያመናቸው ሕዝብ ድምፁን ሲሆን ሳሳ። ምን ያደርጋል፣ በ2025 የመንግሥት የጤና መድን የሆኑትን ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት እንዲመሩ ተሾሙ። ቨርጂኒያ ያሉ፣ የሜዲኬር ካርድ የያዙ እናቶቻችንም እነሆ የእሳቸው ተገልጋይ ሆኑ። ምጣዱን አስቀምጡና ጥሬ ቡና ዋጡ ቢሏቸው ግን ማን ማንን እንደሚያዝ እናያለን።