የመሪ አለቃቀቅ

ወጣት ሽማግሌን ማስተማሩ ነውር ነው ለሚል ሰው ወሎ መልስ አላት። ዋድላ ላይ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ የቅኔ መምህር ወንበር ዘርግቶ፣ ሽበት የወረራቸው ቄሶች ፊቱ ተቀምጠው ቅኔ ሲቆጥሩ ማየት ብርቅ አልነበረም። በ1967 በዕድገት በኅብረት፣ በ1971 ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና አፍላ የሆኑ ተማሪዎች የአያቶቻቸውን እኩዮች ሀ ሁ አስቆጥረዋል። ያ ሁሉ ግን መሬት ላይ ነው። ሽማግሌው ሲሳሳት ፊደሉ ይንጋደዳል እንጂ የሚወድቅ የለም። የኔ ሠልጣኞች ሲሳሳቱ አብረን ነው የምንወርደው።

የወረኢሉ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ የበረራ አስተማሪነት ነው። ሠላሳ አልሞላኝም። ከሠልጣኞቼ ብዙዎቹ ስድሳን የተጠጉ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ኃላፊዎች፣ ሀብት ያፈሩ ነጋዴዎች፣ ከውጭ የተመለሱ ሰዎች። የግል የበረራ ፈቃድ ለማውጣት 17 ዓመት መሙላት ይበቃል፤ ከላይ ወሰን የለውም። መንገደኛ ጭኖ ለሚበር የአየር መንገድ አብራሪ ግን ዓለም አቀፉ ሕግ ጨካኝ ነው። ከ60 በኋላ በየስድስት ወሩ ልቡ፣ ዓይኑና ጆሮው ይመረመራል፤ 65 ሲሞላው፣ ምንም ያህል ቢመሰገን፣ መሪውን ያስረክባል። ይህን ለአንድ ሠልጣኜ ስነግራቸው ክው አሉ። «ሰው ገና ሥራውን መልመድ ሲጀምር!» አሉኝ። ሕጉ አየር ላይ ላሉት ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው ተረጋጉ።

አገሬ ስሄድ የምጠየቀው ሌላ ነው። ወረኢሉ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ አፄ ምኒልክ በ1888 የአድዋን ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲከትባት ያዘዙባት ከተማ ናት፤ ትእዛዝ ከላይ ሲመጣ እንዴት እንደሚከተት ታውቃለች። ስለ ሰማይ ያላት ዕውቀት ግን ከሰማይ የወረደላትን ያህል ነው። በመጋቢት 1922 አንቺም ላይ ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋር ውጊያ ሲሆን፣ አውሮፕላን መጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነበር፤ የውግዘት ወረቀት። ቦምቡ ኋላ መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲመጡ ወረቀትም አላስቀደሙም። በ1977 ደግሞ የውጭ አገር አውሮፕላኖች ወደ ረሃቡ ደጋ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብለው እየበረሩ እህል ጣሉ። ቃል፣ እሳት፣ ስንዴ። የሦስቱም ተራ የሚወሰነው ላይ ነው፤ ታች ያለው አንጋጦ ይጠብቃል።

«አሁን ደግሞ ሰው ያልተቀመጠበት ይበራል አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ አንድ አዛውንት ቡና ላይ።

«እውነት ነው አባባ።»

«መሪው ላይ ማንም የለም?»

«ማንም የለም።»

«እሱስ አዲስ አይደለም» ብለው ፍንጃላቸውን አቀበሉ።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። ማስተማሪያው አውሮፕላን ሁለት መሪ አለው፤ አንዱ በሠልጣኙ፣ አንዱ በአስተማሪው ፊት፣ ከሥር የተያያዙ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው መያዝ ያለበት። ሁለታችንም ከያዝነው እንጎተታለን፤ እያንዳንዳችን «እሱ ይዞታል» ብለን ከተውነው ደግሞ ማንም አልያዘውም ማለት ነው፤ በዚህ የወደቁ አውሮፕላኖች አሉ። ስለዚህ መሪ የሚቀየረው በሦስት ቃል ነው። ሰጪው «ያዝ» ይላል፣ ተቀባዩ «ይዣለሁ» ይላል፣ ሰጪው መልሶ «ይዘሃል» ብሎ እጁን ያነሣል። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ጥይት አይተኮስበትም፣ ጉባኤ አይጠራበትም፣ ሬዲዮ ማርሽ አያሰማም። ሠልጣኞቼ ከትምህርቱ ሁሉ አላምን ያሉት ይህን ነው።

መከራው በአማርኛ ሲሆን ይብሳል። አውሮፕላኑ እየተንሸራተተ እያለ ለአባቴ እኩያ «ልቀቅ!» አልልም፤ ያሳደገኝ ሰው ሁሉ መቃብር ውስጥ ይገለባበጣል። «ጋሼ፣ ካላስቀየምኩዎ፣ መሪውን አንዴ ቢለቁልኝ…» እያልኩ ሳለ ሁለት መቶ ጫማ ወርደናል። «ምን አልክ ልጄ?» ሲሉኝ ሌላ መቶ። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ የምጮኸው። በእንግሊዝኛ ቢቆጡም የሚቆጡት በእንግሊዞች ነው። አንድ ጊዜ ታዲያ በሁለቱም ቋንቋ ጮኼ እጃቸው አልላቀቅ ስላለ፣ «ጋሼ፣ ስልክዎ እየጠራ ነው» አልኳቸው። ወዲያው ለቀቁ።

ይህን ለእኒያ አዛውንት ሳጫውታቸው ሳቁና ትንሽ ዝም አሉ። የወሎ ሰው ዝም ካለ ግጥም እየመጣ ነው፦

«መውጣቱ አይደለም እኔን ያሸበረኝ፣
መሪው አልለቅ ብሎ ማረፉ ቸገረኝ።»

ስለ አውሮፕላን እንዲህ በቅጡ የገባው ሰው አላየሁም።

ሁለተኛው ከባድ ትምህርት የከፍታ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ ተራ የፒስተን ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ሩብ ገደማውን ያጣል። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ደጋፊህ ይመነምናል፤ ደጋፊ ሲመነምን ደግሞ አፍንጫን ቀና በማድረግ የማካካስ ፈተና ይመጣል። ክንፍ የሚሸከመው እስከ ልኩ ነው። ከአየሩ ጋር የገጠመበት ማዕዘን 15 ወይም 18 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ተሸካሚነቱን ያቆማል፤ አብራሪዎች ስቶል እንለዋለን። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ አፍንጫን ዝቅ ማድረግ። በበቅሎ ያደገ ሰው ግን በቅሎዋ ስትወድቅ ልጓም መሳብ ነው የሚያውቀው። እናም ሠልጣኜ በወረድን ቁጥር ይስባሉ፣ በሳቡ ቁጥር እንወርዳለን። «ዝቅ ይበሉ ጋሼ!» እላለሁ። «እኔን ነው?» ይላሉ።

ሴስና 172 ላይ ከዚህ በፊት የምታስጠነቅቅ ነገር አለች። በግራ ክንፉ ፊት በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ክንፉ ሊከዳ ጥቂት ሲቀረው አየሩ በዚያች ቀዳዳ እየተሳበ ያፏጫል። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፣ ደመወዝ አትጠይቅም፣ እውነት ሲሆን ትጮሃለች፤ በቃ። የመጀመሪያው ቀን ስትጮህ ሠልጣኜ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህች ምንድን ናት?»

«ማስጠንቀቂያ ናት ጋሼ።»

«አትጠፋም?»

«ማጥፊያ አልተሠራላትም።»

«ከየት ነው የምትጮኸው?»

«ከግራ ክንፍ።»

«ገምቼ ነበር» አሉና፣ ስናርፍ ቀዳዳዋን በማስቲካ ብንደፍናት ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። መጮኋን እንደምታቆም፣ መውደቁ ግን እንደሚቀጥል ነገርኳቸው። ግማሹን ሰሙኝ።

ከመደፈን ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው ፒቶት ከምትባል ቀጭን ቱቦ ነው። አውሮፕላን ቆሞ ሲሰነብት ተርብ ገብታ በጭቃ ትደፍናታለች። ቱቦዋ ከነማፍሰሻዋ ከተደፈነች ውስጥ የታፈነው አየር እንዳለ ይቀራል፤ የውጭው ግፊት ግን ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀንሳል፤ መለኪያው ልዩነቱን ፍጥነት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ውጤቱ፣ ስትወጣ ፍጥነትህ ሲያድግ ታያለህ፤ በእውነቱ ግን እየዘገየህ ይሆናል። መርፌው ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት ሲያሳይ ደስ የማይለው ማን ነው? አብራሪው ፍጥነቱ በዛ ብሎ አፍንጫውን ይበልጥ ቀና ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ክንፉ ይከዳል።

ይህ ተረት አይደለም። በጥር 1988 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሣው የቢርገንኤር ቦይንግ 757 በዚህ መንገድ ባሕር ገብቶ 189 ሰው አለቀ። የተሳሳተው የዋናው አብራሪ መለኪያ ነበር። የ62 ዓመት፣ ብዙ ሺህ ሰዓት የበረሩ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በቀኝ ወንበር የተቀመጠው ወጣት መለኪያ ትክክሉን ያሳይ ነበር። ወጣቱ አየ፣ ጠቆም አደረገ፣ ግን መሪውን «ስጡኝ» አላለም። አስተዳደጉ የኛን የሚመስል ጨዋ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ታሪክ ለሠልጣኞቼ በነገርኩ ቁጥር ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ተርቧ ነው።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። ይህ ጽሑፍ ስለ አውሮፕላን ነው። ሌላ ነገር ትዝ ያለው አንባቢ ካለ፣ ያስታወሰው እሱ ነው፤ እኔ የተማርኩት አውሮፕላን ብቻ ነው።)

ስለ ጭነት ብዙ አልልም። አንዱ ሠልጣኝ ዘመዶቻቸውን ሁሉ ከኋላ አስቀምጠው፣ ቅቤና ማር ጨምረው መብረር ፈልገው ነበር። ክብደት ወደ ኋላ ሲያደላ አፍንጫ በራሱ ይነሣል፤ መሪ ቢገፉትም አይታዘዝም። ዘመድ ማስወረድ ለኔ አይቻለኝም፤ ሚዛኑን አመጣሁላቸውና ራሳቸው ይምረጡ አልኩ። መጀመሪያ የወረደው ማሩ ነው።

መሪ መልቀቅ ለአገራችን እንግዳ ነው እንዳይባል ግን ምስክር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ሲቋቋም ሥራ አስኪያጁም ካፒቴኑም ከቲደብልዩኤ አየር መንገድ የመጣ አሜሪካዊ ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በዋናው ወንበር ተቀመጡ፤ በዚያው አቆጣጠር በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ባዕዱ ሩብ ምዕተ ዓመት ይዞ፣ አስተምሮ፣ አስረክቦ አገሩ ገባ። ይህን ስናገር ሠልጣኜ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እሱማ የሚሄድበት አገር ስላለው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መልስ አላገኘሁም።

ትልቁ ፈተና ብቻን መብረር ነው። አስተማሪው ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ ስለሚቀል ከወትሮው ፈጥኖ ይነሣል። አስተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ አስተማሪ ሁሉ ትንሽ ይከፋዋል። እኒያ ሠልጣኜ የበረሩ ቀን ዳር ቆሜ አየኋቸው። ዙሩን አሳምረው ዞሩ። ሲመጡ ግን ጎማው መሬቱን ነክቶ ነጠረ፣ እንደገና ነክቶ ነጠረ፣ በሦስተኛው ተቀመጠ። ወጥተው ሲመጡ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ግን ኮርተዋል።

«እንዴት ነበር ጋሼ?»

«መልካም ነው። ከጎኔ እሺ የሚለኝ ሰው ማጣቴ ብቻ ነው የከበደኝ።»

ከዚያ የበረራ መዝገባቸውን አውጥተው ጻፉና ለፊርማ አቀበሉኝ። በማረፊያዎች ዓምድ ሥር 3 ይላል።

«ጋሼ፣ የበረሩት እኮ አንዴ ነው።»

«ሦስቴ አርፌያለሁ። አላየህም?»

«አይቻለሁ። ግን ሰው የሚያርፈው አንዴ ብቻ ነው።»

አተኩረው አዩኝ። ወሎዬ መሆኔን ጠየቁኝ። ነኝ አልኳቸው። ሦስቷን ሰርዘው አንድ ጻፉና «በል ፈርም፤ ገና ነኝ» አሉኝ።