ደግና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ ቀባሪውንም አስከሬኑንም እኩል ይሸፍናል። ቢሆንም የሕይወት ታሪክ ሳይነበብ ንቅንቅ የሚል የለም። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ አንድ እግሩን በሌላው ላይ እያሻሸ ይጠብቃል። ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ ከዚያ አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠርጎ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት...» ብሎ ይጀምራል።

ፈተናው የሚመጣው ገና ከትውልድ ዘመኑ ነው። የእኛ አገር እናት የተወለደችበትን ዓመት በቁጥር አታውቀውም፤ በክስተት ነው የምታውቀው። «ጣሊያን ሊማሊሞን ሲቆፍር እናቴ እኔን አዝላ ነበር» ካለች ነገሩ አልቋል። ልጆቿ ግን ይህን ወደ ዓመተ ምሕረት መመንዘር አለባቸው፤ ምንዛሪው ላይ ደግሞ ሁሉም የየራሱ ጥቅም አለው። ትንሹ ልጅ እናቱ ዕድሜ ጠገብ እንድትባልለት 92 ይላታል። ትልቋ ልጅ በሥራ ቦታዋ 55 ነኝ ብላለችና ከዚያ ፈቀቅ አትልም። ሁለቱ ሲታረቁ እናት የመጀመሪያ ልጃቸውን በ37 ዓመታቸው ወለዱ ማለት ይሆናል፤ ያውም ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ በምትዳርበት አገር፣ በዚያ ዘመን። ለቀስተኛው ሒሳቡን ሠርቶ ይጨርሳል፣ ግን ለቅሶ ላይ ማን ይስቃል? ጋቢው አፍን የሚሸፍነው ለብርዱ ብቻ አይደለም።

ከልደት ቀጥሎ ጋብቻ ነው። ከጋብቻ ቀጥሎ የእናትዮዋ ታሪክ ይቆምና የልጆቿ የሥራ ልምድ ይጀመራል። አንዱ ባሕር ዳር የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ አንዷ አሜሪካ ነርስ ናት፤ አንዱ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን «በከፍተኛ ማዕረግ» ጨርሷል። ማዕረጉ የተነበበው ለእናቱ ነው ወይስ እዚያው ቆሞ ለሚሰማው አለቃው፣ መለየት ያስቸግራል። የልጅ ልጆች ብዛት በቁጥር ይቀርባል። በመጨረሻ ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «እናታችን ደግ፣ እንግዳ ተቀባይና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ።»

ስድሳ ዓመት የተሠራ ሥራ በሦስት ቃል አለቀ። ያቺ ሴት የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሲያምጣት ወገቧን ይዛለች፤ የማኅበሩን ጠላ ጠምቃለች፣ የሰንበቴውን ዳቦ ደፍታለች፤ እናቱ የሞተችበትን የጎረቤት ልጅ ከልጆቿ ጋር አብልታ አሳድጋለች። ይኼ ልጅ አሁን ከድንኳኑ ጀርባ እንጨት እየፈለጠ ነው። ከወረቀቱ ላይ ግን የለም፤ ዲግሪ የለውማ።

እንዲህ የሚሆነው በክፋት አይመስለኝም። ጉዳዩ የአሠራር ነው። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈው ላፕቶፕ ያለው ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የደረሰ፣ አክስቱን ላለፉት ዓመታት በስልክ «እንዴት ነዎት» ብቻ ያላቸው የወንድም ልጅ። ሌሊት ሳሎን ቁጭ ብሎ ወንዶቹን ይጠይቃል። ወንዶቹ የሚያውቁት ርስቱን፣ የዘር ሐረጉንና የሟች ባላቸውን ጠመንጃ ነው። እሷን የሚያውቋት ሴቶች በዚያች ሰዓት ጓሮ ናቸው፤ ሟቿ ዕድሜ ልኳን የቆመችበት ጎላ አጠገብ ቆመው ንፍሮ ያማስላሉ። ሥራ ላይ ስለሆኑ አይጠየቁም።

ጎረቤት ወረዳ ዳባት ላይ ግን ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ ቀድሞ የገባቸው ሰዎች አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። በክትትሉ ውስጥ ባሉ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሄደና ማን እንደሞተ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት ሐዘኑ ጋብ እስኪል ታግሠው ይመጡና በምን እንደሞተ ይጠይቃሉ። ሲጠይቁ የሚመርጡት ዘመድ ያው ያስታመመችው፣ ገላ ያጠበችው፣ መጨረሻዋን ያየችው ናት። እሷም ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ሳሉ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ሁሉንም ታውቃለች። በዚህ የተነሳ አንዲት የዳባት እናት እንዴት እንደሞተች የሚናገረው መዝገብ እንዴት እንደኖረች ከሚናገረው ወረቀት ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ ቁጭ አለ።

በአገራችን በሦስት ቃል ከመሸኘት ዕጣ ካመለጡት ጥቂቶች አንዷ ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎ በረሃብ ተመትታ ነበር። ለራሳቸው የያዙትን ዳቦ አካፍለው፣ ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባልና ዘመድ «አበደች» አሉ፤ እሳቸውም ቤታቸውን ለቀው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ያቺ እብደት አድጋ በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ሆነች። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ አበደች ያለ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ሁላችንም ከመጀመሪያው እናውቃቸው ነበር። ስናመሰግናቸውም «የአፍሪካ ማዘር ቴሬዛ» አልናቸው። የሸዋን ሴት ለማመስገን ከካልካታ ስም መበደር ምን እንደሚሉት አላውቅም። ለጀግና ወንድ ይህን አናደርግም፤ ቴዎድሮስን «የአፍሪካ ናፖሊዮን» ብሎ ጎንደር መሐል የሚናገር ሰው ካለ መመለሻውን አስቀድሞ ያስብ።

የስሜን ግርጌ እናት ስም ያጣችው ግን ሰጪ አጥታ አይደለም። እንዲያውም በዛባት። በደርግ ጊዜ፣ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም «የአኢሴማ አባል» ተባለችና ለዘማች ስንቅ አዘጋጀች። መንግሥት ተለወጠ፤ ሌላ የሴቶች ማኅበር መጣ፤ ለስብሰባው እንግዳ ምሳ ሠራች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር «ሞዴል እናት» ሆነች። ቀጥሎ ደግሞ «የሴቶች ልማት ሠራዊት» ተብላ በአንድ ለአምስት ተደራጀች፤ ደመወዝ የሌለው፣ ጡረታ የሌለው፣ ቡና እያፈላ የሚዘምት ሠራዊት። ዓላማው ተለወጠ፣ ሰንደቁ ተለወጠ፣ ቡሃቃው ግን ያው ነው። ሠራዊቱ ውስጥ መግባቷን ማን እንደነገራት ብትጠይቋት «ልጅቷ መጥታ ስሜን ጻፈችኝ» ትላለች።

በ2013 ዓ.ም. ክረምትም እንዲሁ። የሰሜኑ ጦርነት ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ ወገን ያፈናቀለው ሕዝብ ሊማሊሞን ወጥቶ የደባርቅን ትምህርት ቤቶች ሞላ። (ዳባት ወረዳ ጭና ላይ በዚያው ጦርነት የተፈጸመው የንጹሐን ግድያ ትዝብት የሚጻፍበት አይደለምና አልነካውም።) ዱቄት ያመጣው ድርጅትም ባለሀብትም ስንት ኩንታል እንደሰጠ ተመዘገበ፤ ከጆንያው ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ዱቄት ግን በራሱ አይበላም። ያቦካው እጅ፣ በጭስ የቀላው ዓይን፣ የነደደው የገዛ ቤት ኩበት በኩንታል አይለካምና ሪፖርት ውስጥ የሚገባበት ሠንጠረዥ አልተገኘለትም። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ማዕረግም በአገራችን ከሰደርያ ጋር ነው የሚታደለው፤ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ያለበት። ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት የት ታድርገው?

ደባርቅ መቁጠር የማታውቅ ከተማ ብትሆን እንኳ ባልከፋ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉት ጋር ሰፈረ፤ ዋልያው በየገደሉ በመነጽር እየታየ፣ ወንዱ ከሴቷ ግልገሉ ከአዋቂው እየተለየ ይቆጠራል። አይቆጠር አልልም። ዋልያን የሚያህል ጌጥ የለንም። ብቻ የሴቷ ዋልያ ዕድሜ ሲገመት የሚጠፋው ጊዜ፣ በወይዘሮዋ ዕድሜ ላይ ልጆቿ ሲከራከሩ ከሚጠፋው ይልቅ ፍሬ አለው።

«እንግዲያው የእድሩ መዝገብስ?» የሚል አይጠፋም። እድር ሲባል ደግሞ በወጉ መዝገብ ያለው ተቋም ነው፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት። እኔም አንድ ጊዜ ለአንድ የእድር ጸሐፊ ይህን ነገር አነሣሁላቸው። ጋሼ ቅር አላላቸውም፤ መነጽራቸውን አድርገው ያን ትልቅ መዝገብ አወጡና በቅርብ ያረፉ የአንዲት እናት ስም ያለበትን ገጽ ገለጡልኝ። የወር መዋጮ በየወሩ ተከፍሏል። ስለ ሥራ የተጻፈ ግን የለም። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ነገሩ ቀላል ነበር፦ የእድር መዝገብ የመጣን ሰው አይጽፍም፤ የቀረን ብቻ ነው የሚጽፈው፣ ሊቀጣ። ወጥ ቤት በተራዋ ያልተገኘች ሴት ስሟ፣ ቀኑና ቅጣቷ ይሰፍራል። ሁልጊዜ የተገኘች ሴት ሥራዋ በመዝገቡ ላይ ጭራሽ የለም።

«እኚህ እናት አንድ ጊዜ ግን አሉ» አሉና በጣታቸው አሳዩኝ። ቀሪ፣ ቅጣት አምስት ብር። ያን ቀን የት ሄደው እንደነበር ጠየቅኳቸው። ጋሼ ሳያመነቱ መለሱ፤ የእሳቸው የጋሼ ምራት ምጥ ይዟት እሷን ሲያዋልዱ አድረው ነው።

«ታዲያ ለምን ተቀጡ?»

«ፈቃድ አልጠየቁማ» አሉኝ።