ጥፋቱ የጠመንጃው ነው

ቅዳሜ ጠዋት አሜሪካ ውስጥ ወደ አንድ የተኩስ ሜዳ የዘለቀ ሰው በደለኛ ጠመንጃ አያጣም። ባለቤቶቹ ግን አንድ ሳይቀር ንጹሐን ናቸው። በ100 ሜትር ላይ የተሰቀለው ወረቀት ኩፍኝ የወጣበት ፊት መስሏል፤ ባለቤቱ ራሱን በሐዘኔታ ነቅንቆ «ይቺ የማነጣጠሪያ መነጽር ድሮም አላማረችኝም» ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ዳውላው በክሬዲት ካርድ ይለወጣል።

ክሱ ወግ አለው። መጀመሪያ የሚወነጀለው ጥይቱ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ጠበቃ የለውም። ቀጥሎ መነጽሩ ይባረርና ከጠመንጃው የሚወደድ ሌላ ይገዛል። ከዚያ ሰደፉ፣ በመጨረሻም አፈሙዙ። ቅጠል ሳይነቃነቅ ንፋስ ምንጊዜም ግብረ አበር ነው። ጠቋሚ ጣት ብቻ ለምስክርነት እንኳ አልተጠራችም።

ማስረጃ አያያዙም ይደነቃል። ከ10 ጥይት ሦስቱ ተቀራርበው ካረፉ ሦስቱ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይለካሉ፣ ለወዳጅ ይላካሉ። ሰባቱ አልተተኮሱም። እንዲህ ሲሰላማ የማንም ጠመንጃ በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲሜትር ውስጥ ይመታል፤ ፋብሪካውም ቃል የገባው ይህንኑ ነው።

ጠመንጃ ጨርሶ አይበድልም ማለቴ አይደለም። ከውስጥ ያለው ጠምዛዛ ቦይ በ12 ኢንች አንዴ ብቻ የሚዞር አሮጌ ኤም 16፣ 55 ግሬን ለሚመዝን ጥይት ተሠርቶ 62 የሚመዝነውን ሲያጎርሱት ጥይቱ ይንገዳገድና ወረቀቱን በጎኑ ይበሳዋል። የመነጽር ማሰሪያ ብሎን ላልቶ ምቱ የሚንከራተትበት ጊዜም ብዙ ነው። ይህን ለማወቅ አንዲት መፍቻ ትበቃለች፤ ግን ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ ማን ያከብራል?

ማት ኢመንስ የተባለው አሜሪካዊ ይህን የማመካኘት ጥበብ አልተማረም። በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ፣ የራሱን ጠመንጃ ሰው አበላሽቶበት፣ በ50 ሜትር ተኝቶ የመተኮስ ውድድር ወርቅ ያገኘው በውሰት ጠመንጃ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ በሌላ ውድድር እየመራ ሳለ የመጨረሻዋን ጥይት የጎረቤቱ ዒላማ ላይ አሳረፈ። ዜሮ ተሰጠው፣ ስምንተኛ ወጣ። የተበላሸ ጠመንጃ የሚያህል ሰበብ እያለው የዒላማውን ቁጥር ሳያይ መተኮሱን አመነ! የቅዳሜው ሰው ቢሆን ጎረቤቱን በከሰሰ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ተንኮለኛ ጓደኛ ነው። ባለቤቱ ዞር ሲል ከደህናዎቹ ጥይቶች መሐል ባሩድ የሌላትን የልምምድ ጥይት ሸጉጦ ያጎርስለታል። ባለቤቱ ተመቻችቶ ይተኛል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ምላጩን ይስባል። ቀጭ! ፍንዳታ የለም፣ ምትም የለም። አፈሙዙ ግን ቁልቁል ተደፍቷል፣ ትከሻው ወደፊት ተወርውሯል፣ ዓይኖቹ ግጥም ብለዋል። ያልተኮሰ ጠመንጃ ሰው አይገፋም፤ ታዲያ ማን ገፋው?

ባለቤቱ ቀና ብሎ ጥቂት አሰላሰለና ፈረደ፦

«ምላጩ ከባድ ነው አላልኩህም? የሚቀል አዝዣለሁ፤ ማክሰኞ ይደርሳል።»