የቆላ ድባ አፍንጫ

የከተማችን የቆላ ድባ አፍንጫ ጤነኛ ነው። በደምቢያ ሜዳ ላይ የአንዲት ሲጋራ ጭስ ብን ካለ፣ ከማን ጓሮ እንደወጣና ማን እንደለኮሰው ቡናው በረካ ሳይደርስ ይታወቃል።

ጭስ ሁሉ ነውር ነው እንዳትሉኝ። እጣን ሲጨስ ደስ ይለናል። ምድጃው የእናቶቻችንን ዓይን ሲለበልብ ሙያ ነው። አይሱዙው ጥቁር ጭሱን ተፍቶብን ሲያልፍ ዕድገት ነው። ነውሩ በሁለት ጣት መካከል የምትያዘዋ ናት።

እሷም ብትሆን እንደ ጣቱ ነው። ወንዱ በረንዳ ላይ ተዘርፍጦ ኒያላውን ቢለኩስ «ሱስ ይዞት ነው» ይባላል፤ ሽማግሌ ሲልክም የልጅቷ ቤተሰብ ጥቂት ያንገራግርና «ሲያገባ ይተዋል» ብሎ ይመርቀዋል። ጠላ ሻጯ ግን ከጌሾው ሥር ቁጢጥ ብላ ሁለቴ ትስብና ቁራጩን አጥፍታ መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ጤናዳም ታኝካለች፣ እጇን በሎሚ ታሻለች። ሲያስላት ጤና ጣቢያ ሄዳ «የምድጃ ጭስ ነው» ትላለች። ባለሙያው ያምናታል፤ ምን ያድርግ፣ ምድጃውም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት፣ ተጠቃሚ ነን ያሉት ከመቶ ሴቶች ሁለት አይሞሉም። ጠያቂዎቹ ጌሾው ሥር አልደረሱም መሰለኝ።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨስን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። እኛ ደጎች ነን፤ የምንቆርጠው ስም ብቻ ነው። መንግሥትም ደግ ነው፦ ትምባሆውን ለአሥርት ዓመታት በሞኖፖል ሲሸጥ ኖረ፣ አብላጫ ድርሻውን ለጃፓን ትምባሆ ሸጠ፣ በአዋጅ 1112/2011 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብበት እንዳይጨስ ከለከለ።

አንዳንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጭስ ይነሳል። ወፍራም ነው፤ ትምባሆ ትምባሆም አይሸት። ያን ቀን ያ ጤነኛ አፍንጫ ጉንፋን ይይዘዋል። «ማን ለኮሰው?» የሚል የለም፤ የሚሰማው የመስኮት መዝጊያ ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ማታ ጠላ ሻጯ እየቀዳች እንዲህ አለች፦

«ባለጌ ናት አሉኝ አንዲት ብለኩስ፣
ጌታ ከጌታ ሲጋራ ማን አየ ሲለኮስ?»

ጠጪው ስለ ሲጋራ መስሎት ሳቀ። አንዱ ብቻ ጣሳውን ሳይጨርስ ተነሳና ሒሳቡን ከፍሎ «እኔ እንኳ አላጨስም፤ የማውቀውም ነገር የለም» እያለ ወጣ።