ውድ ጭቃችን

የእኛን ያህል ውድ ጭቃ ያለው አገር ካለ ንገሩኝ። ሁለት ክፍል ነው፤ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ። በሚሊዮኖች ይሸጣል። ገዥው ቁልፉን በተረከበ ማግስት ያፈርሰዋል።

እብድ እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ አክባሪ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ስለዚህ የተሸጠው ጭቃው ነው፤ ውሉም የሚለው «ቤት» ነው። ከሥሩ ያለው 200 ካሬ አብሮ ቢሄድ ማን ምን ያድርግ?

ጭቃ ቤት በሌለበት እርሻ ላይስ? አትስጉ። ክልሎቻችን የየራሳቸው የገጠር መሬት አዋጅ አላቸው። ሽያጭ ሁሉም ይከለክላሉ፤ ውርስ፣ ስጦታና ኪራይ በየልካቸው ይፈቅዳሉ። የአማራ ክልል የ1998ቱ አዋጅ ኪራዩን እስከ 25 ዓመት ለቆት ነበር። ኦሮሚያ በበኩሉ ከይዞታህ ከግማሹ በላይ እንዳታከራይ አለ። ገበሬው ግን ደግ ነው፤ ትናንት በመኪና ለመጣ፣ ስሙን እንኳ በወጉ ለማያውቀው ሰው ማሳውን በስጦታ ይሰጣል። እንግዳውም ውለታ አይረሳም፤ የዚያኑ ዕለት ብር በፌስታል ጠቅልሎ ያስጨብጠዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር የት ይገኛል?

ከሁሉ ጥብቁ መንግሥት ነው። የከተማ ዳር ገበሬ ሲነሳ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈለውም፤ የማይሸጥ ነገር ምን ዋጋ አለው? የሚሰላለት ምርቱ ነው። የ1997ቱ አዋጅ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ አደረገለት፤ የ2011ዱ ራራለትና ከሦስቱ ዓመታት የከፍተኛውን 15 እጥፍ አለ። ጤፉ ተቆጠረ፣ ባሕር ዛፉ ተቆጠረ፣ ገበሬው ተሸኘ። ከዚያ ያው መሬት ሊዝ የሚባል ካባ ደርቦ ለጨረታ ይወጣል። ሊዝ ሽያጭ አይደለም፣ አደራ! ለመኖሪያ ሲሆን የ99 ዓመት ኪራይ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ከ300 ሺህ ብር በላይ የሰጠ ተጫራች ተገኝቷል። አንድ ካሬ ማለት አንድ ፍየል ቆማ የምታመሰኳበት ቦታ ነው።

በዚህ ሁሉ ጨዋነት መካከል የሚያሳፍሩን ደላሎቹ ብቻ ናቸው። ሻጭ ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ካሬ ነው?» ብለው ነው። ስለ ጭቃው አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም።